ተኝቶ የታረሰ ማሳ፦ አራት ቀን በወረታና በቁሐር ሚካኤል

ሰኞ

ከወረታ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ጫማዬ ግን ገና አልደረቀም። ይህን የምጽፈው ወረታን ከጎንደር መንገድ ላይ በመኪና መስኮት አይቷት ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ማለትም ለሁላችሁም ማለት ይቻላል።

የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አንዱዓለም ወረታ ውስጥ ጠበቃ ነው። ቅዳሜ ደወለና «ስለ እንቅልፍ የጻፍከውን አነበብኩት። ተኝቶ ሳለ ወንጀል ሠራ የተባለ ደንበኛ አለኝ፤ ቶሎ ና» አለኝ። ያ ጽሑፍ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ያፈሰሰው ብስጭት እንጂ ዕውቀት እንዳልሆነ ነገርኩት። «እሱማ ያስታውቃል፤ ግን ስለ እንቅልፍ የጻፈ ሌላ ሰው አላውቅም» አለ። መከበሬ ነው ወይስ መሰደቤ እያልኩ ሳሰላስል ትኬት ቆርጬ ነበር።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። «ተኝቼ ነበር» የሚለውን መከላከያ አልወደውም። ባሕር ማዶ በእንቅልፍ ልባቸው ተነሥተው መኪና የነዱ፣ ሰው የጎዱ፣ ከዚያም ሐኪም መስክሮላቸው በነፃ የተሰናበቱ ሰዎች እንዳሉ አንብቤያለሁ። ደስ ይበላቸው። እኛ አገር ግን ይህ በር ቢከፈት ማን እንደሚገባበት አስቡት። ማመልከቻዬን ሦስት ወር ጠረጴዛው ላይ ያሳደረብኝ ኃላፊ «ተኝቼ ነበር» ሊል ነው። የሚያበሳጨው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ተጓዝኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ስልኩን እንጂ እኔን አያይም። እዚህ ጎኔ የተቀመጡት እናት ገና ሳንነሳ የሽንኩርት ከረጢታቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጡና «ያዝልኝ የኔ ልጅ፤ ሥራ ፈት አትሁን» አሉኝ። ሐሙሲትንና የጉማራን ድልድይ አልፈን ምድሩ እንደ ገበታ እስኪዘረጋ ድረስ ታቅፌው ሄድኩ። ወረታ ስንደርስ አምስት ራስ ሽንኩርት ሰጥተው መረቁኝ። በሻንጣዬ ውስጥ ሽንኩርት ይዤ ስለ እንቅልፍ ለመመስከር ገባሁ ማለት ነው።

ጾም ስለነበር ራታችን ሽሮ ሆነ። እንጀራው ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይኑ የበዛ ነበር። እኔ ደግሞ ጤፍ አውቃለሁ ባይ ነኝ።

«እንዲህ ያለ ማኛ ጤፍ አዲስ አበባ በወርቅም አይገኝ። የየት ነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«ሩዝ ነው፣ ጋሼ።»

«ጤፍ ግን አለበት።»

«ትንሽዬ። ለስሙ ያህል ነው የገባች» ብላ ሄደች። ወዲያው ከጓዳ የሁለት ሴቶች ሣቅ ተሰማ። አንዱዓለምም አብሮ ሣቀ፤ ጠበቃ መቼ ወገን መለየት እንዳለበት ያውቃል።

ነገሩን የነገረኝ ያኔ ነው። ተከሳሹ አያ ፈንታ የሚባሉ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። አንድ በሬ አላቸው። ጎረቤታቸው አያ አለኸኝም አንድ በሬ አላቸው። አንድ በሬ አያርስምና ሁለት ባለ አንድ በሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በተራ ያርሳሉ፤ አንድ ቀን ያንተን፣ አንድ ቀን የኔን። ይህ መቀናጆ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች ለአሥራ አንድ ዓመት መቀናጆ ነበሩ። ባለፈው መጋቢት አያ ፈንታ የአያ አለኸኝን በሬ «ሰነፍ» ብለው ሰደቡት፤ መቀናጆው ፈረሰ።

«በቃ? ለዚህ?» አልኩ።

«ሰውን ቢሰድቡት ኖሮ ይታረቁ ነበር» አለ አንዱዓለም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ጎህ ሲቀድ አያ ፈንታ ከአያ አለኸኝ በረት በሬውን ፈተው ወሰዱ፤ ከራሳቸው በሬ ጋር ጠመዱት፤ አረሱ። ክሱ የበሬ ስርቆት ነው። መከላከያው ደግሞ ተኝተው ነበር የሚል ነው።

«የሚያስረዳልህ ነገር አለህ?»

«አንድ አለኝ። ያረሱት የራሳቸውን ማሳ አይደለም፤ የአለኸኝን ነው። በድሮው ተራ ዓርብ የአለኸኝ ቀን ነበር።»

ሽሮዬን ትቼ አየሁት። የሰረቀውን በሬ የባለቤቱን መሬት ያረሰበት ሌባ በየትኛውም መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ የምቆጥር ሰው፣ ወረታ ላይ ወገቡ የሰመጠ ፍራሽ ላይ፣ ትንኝ እንደ ልቧ በምትገባበት አጎበር ውስጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ስነሣ ያስደነቀኝ መተኛቴ ሳይሆን ፍርሃቴ ነው። ሌሊት ምን እንዳደረግኩ በምን አውቃለሁ? ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁት። ንጹሕ ነበር። የመጨረሻ ንጹሕ ቀኑ ነበር።

እስከ አስፋልቱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ነው። የፎገራ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ሰምቼ ነበር፤ መስማት ግን መርገጥ አይደለም። ሃያ እርምጃ እንደሄድኩ ግራ ጫማዬ ቀረ፤ እኔ አለፍኩ። ጎንበስ ብዬ ስጎትት አንዲት መንገደኛ ቆመው አዩኝ።

«ይተዉት ጌታው» አሉ። «በመስከረም ይወጣል።»

ሌላ ገበሬ በዱላው ፈልቅቆ አወጣልኝና፣ ምስጋናዬን ሳይጠብቅ፣ «በዚህ ጫማ የመጣኸው ወዴት ነው?» አለኝ። ወደ አያ ፈንታ ቤት ስለው ፈገግ አለ። «እሳቸውስ ተኝተውም በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱ» አለ።

አያ ፈንታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። የእጃቸው መዳፍ እንደ ዕርፍ እንጨት ጠንክሯል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እግሬን ሲያዩ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ ውኃ አመጡ፤ አይሆንም ብል አልሰሙኝም። ጫማዬን አጥበው አጥሩ ላይ ሰቀሉት፤ የባላቸውን የላስቲክ ቦቲም አመጡልኝ። በሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። ከእኔ በር ፊት ለፊት ባለው የኮንዶሚኒየም በር ለዘጠኝ ዓመት የሚገባ የሚወጣውን ሰው ስም አላውቅም፤ እዚህ በሩብ ሰዓት የሰው ጫማ ወርሻለሁ።

ቀድሞኝ የደረሰው አንዱዓለም በልምምጥ ጀመረ። የዐቃቤ ሕጉ ትልቁ መከራከሪያ የተኛ ሰው ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት አይችልም የሚል ነው።

«እንግዲህ አያ ፈንታ፣ ነገ ሲጠይቁዎት ትልሙ ትንሽ ጠመም ያለ ነበር ብንል…»

«የማን ትልም?»

«የእርስዎ።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። እርስዎ እንዲሉ ነው።»

«እኔ ጠማማ አርሼ አላውቅም።»

«ተኝተው ነበር እኮ!»

«ተኝቼም!» አሉ አያ ፈንታ። ጉዳዩ ተዘጋ።

እትዬ ጥሩወርቅ መሬቱን በእጃቸው መቱት። «ወህኒ ሊወርድ ነው፣ እሱ የትልም ጠበቃ ሆኗል! እንግዲያስ ይህን ይዩ» ብለው ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ነበሩ። የአያ አለኸኝ ላይ የሩዝ ቡቃያ ጣት አክሎ አረንጓዴ ሆኗል። የእነሱ ግን አረምና የባለፈው ዓመት ገለባ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ጥግ ላይ ቆሞ ያመነዥካል።

«ሐምሌ ከገባ ይህ ሁሉ ውኃ ነው» አሉ። «ውኃ ማን ያርሳል? ቢታሰር ለዓመት አይደለም የሚታሰር፣ ለኛ ለልጅ ልጅ ነው።»

ስለ በሽታው ጠየቅኳቸው። እንደነገሩኝ፣ መቀናጆው ከፈረሰ ወዲህ ባላቸው ጎህ ሲቀድ ዓይኑን ገልጦ፣ ሳያይ፣ ሳይናገር ይነሣል። ቀንበሩን ይዞ በሬው አጠገብ ይቆማል። እሳቸው እጁን ይዘው ይመልሱታል። ያን ዓርብ ግን እሳቸው እኅታቸው ወልዳ አራስ ቤት ነበሩ።

«ጸበልስ?» አልኩ።

«ጣራ ገዳም ወሰድኩታ! ሰባት ቀን ሰነበተ። አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም። ‹ዳነ› ብለው ሸኙን። እኔም አመንኩ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ እዚያ በሬ የለም።»

ረቡዕ

በቦቲ ፍርድ ቤት ገባሁ። ጫማዬ አጥር ላይ ነበር። በረንዳው ላይ የተኮለኮለው ባለጉዳይ እግሬን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከተሜነቴ በግማሽ ተሰረዘልኝ። ችሎቱ አራት አግዳሚ ወንበር የያዘ ክፍል ነው። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ወጣት ሴት ናቸው።

አንዱዓለም በኩራት አስተዋወቀኝ፤ ስለ እንቅልፍ ልዩ ዕውቀት ያለው ምስክር ብሎ።

«ሐኪም ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«አይደለሁም።»

«ተከሳሹ ተኝቶ ሲራመድ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ያውቃሉ?»

«አንብቤያለሁ።»

«ጥሩ ነው፤ ንባብ አይከፋም» አሉ። «ይቀመጡ።»

ለሃያ ዓመት ስጽፍ ያገኘሁት በጣም አጭሩና በጣም ትክክለኛው ሂስ ይኸ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ መሰከሩ። ዐቃቤ ሕጉ ለስለስ ያለ፣ እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ሰው ነው።

«ባለቤትዎ በእንቅልፍ የሚነሣው በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ አይደለም። እሁድ አይነሣም።»

«ለምን?»

«እሁድ ነዋ!»

«በሚካኤል ዕለትስ?»

እትዬ ጥሩወርቅ እንደ ተሰደቡ ሆኑ። «ኧረ ወዲያ! በሚካኤል ማን ያርሳል? ባሌ ነቅቶም ተኝቶም በዓል አይሽርም።»

ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የወሩን ቀን የሚቆጥር፣ በዓል የሚያከብር ሰው ተኝቷል እንዴት ይባላል?»

አንዱዓለም ወረቀቱን አገላበጠ። እኔ ራሴ እንኳ ለቅጽበት ወደ ዐቃቤ ሕጉ አዘነበልኩ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ቁጭ ብለው ነቅተው እንኳ የዕለቱን ቀን አያውቁም።

ከዚያ አያ ፈንታ ተነሡ። ስለዚያ ዓርብ ምንም አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት የማሳው ዳር ላይ ሲነቁ አያ አለኸኝ ሲጮኹ ብቻ ነው።

«ትልሙስ ቀጥ ያለ ነበር?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

አንዱዓለም በዓይኑ ለመነ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቀጥ ያለ ነበር» አሉ አያ ፈንታ።

«አላስታውስም አላሉም?»

«አላስታውስም። ግን ቀጥ ያለ ነበር።»

ክፍሉ ሣቀ፤ እትዬ ጥሩወርቅ አልሣቁም። የወህኒው በር ሲከፈት የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ዳኛዋ ቀደም ባለው ቀጠሮ የመሰከሩትን የግል ተበዳይ፣ አያ አለኸኝን፣ ለማጣራት መልሰው ጠሩ። አጠር ያሉ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቂማቸውን እንደ ጋቢ የተከናነቡ ሰው ናቸው።

«በሬው እንደሌለ ሲያዩ ምን አደረጉ?»

«ፈለግሁ። ማሳዬ ላይ አገኘሁት። ያ ሰው ጠምዶ ያርሳል።»

«ያኔ ጮሁ?»

«ኋላ ነው የጮህኩ።»

«መቼ ኋላ?»

አያ አለኸኝ ቦቲዬን አዩ። ሌላ የሚያዩት ስላጡ ይመስለኛል። «ሲጨርስ» አሉ።

«ምኑን ሲጨርስ?»

«ማሳውን።»

በአግዳሚው ላይ ጉርምርምታ ሆነ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ አለኸኝ፣ ሌባ በሬዎን ጠምዶ ሲያርስ ሙሉ ማሳ እስኪጨርስ ቆመው አዩት?»

«ሌባማ ቢሆን አልቆምም ነበር!» አሉ አያ አለኸኝ በቁጣ። «ተኝቶ ነው እንጂ! የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ ይደነግጣል፣ ልቡም ይቆማል። ደግሞስ ግማሽ ላይ ብቀሰቅሰው ቀሪውን ማን ያርስልኛል?»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ።

«ተኝቶ እንደነበር እንዴት አወቁ?» አሉ ዳኛዋ ቀስ ብለው።

«አሥራ አንድ ዓመት አብሬው አርሻለሁ። ነቅቶ ሲያርስ በሬውን ይሰድባል፣ እኔን ይሰድባል፣ ሰማዩን ይሰድባል። የዚያን ቀን አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። በሬዬን ‹ና የኔ ጌታ› ነው ያለው። ፈንታ ነቅቶ እንዲህ ሊል? አለኸኝ ይሙት!»

«ታዲያ ለምን ከሰሱት?»

«ነቃና ሰደበኝ ነዋ! ‹አስማት አድርገህ መሬትህን አሳረስከኝ› አለኝ። ከነቃ በኋላ ያለው ይከሰስበታል መሰለኝ።»

አያ ፈንታ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ «አንተ ውሸታም!» ብለው ተነሡ። ከዚያ ምኑን ውሸት እንደሚሉ ጠፋቸውና ተቀመጡ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንዱዓለም ጋር ስንሄድ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የራሴ ጉዳይ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ ከአራተኛ ፎቅ የሰው መኪና ላይ የአበባ ማሰሮ ብጥል፣ ተኝቼ እንደነበር የሚመሰክርልኝ ማን ነው? ስነቃ እንዴት እንደምናገር፣ ስተኛ እንዴት ዝም እንደምል የሚያውቅ አንድ ጠላት እንኳ የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚከስህ ሰው አያውቅህም፤ ስለዚህም ነፃ ሊያወጣህ አይችልም። የተቀደደ አጎበሬ ውስጥ ገብቼ አቋሜን እንደገና ልጽፈው አሰብኩ። ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ

ፍርዱ አጭር ነበር። ሕጉ የሚያደርገውን የማያውቅ፣ ራሱንም ሊገዛ የማይችል ሰው አይቀጣም ይላል። ተከሳሹ ተኝቶ እንደነበር የተረጋገጠው በገዛ ከሳሹ አንደበት ነው። በነፃ ተሰናብቷል። እትዬ ጥሩወርቅ እልልታቸውን ሊያቀልጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ዳኛዋ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ነገር ግን» አሉ። «ዛሬ በሬ ነው፤ ነገ ገጀራ ቢይዝስ? ሆስፒታል ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ፣ እሱን እየጠበቀ ሌላ ጥፋት እንዳያደርስ ዋስ የሚሆን ሰው ይቅረብ። ዋስ ከጠፋ ተራው እስኪደርስ ጣቢያ ይቆያል።»

የሆስፒታሉ ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሐምሌ መቼ እንደሚገባ ግን ሁሉም ያውቃል። በነፃ የተለቀቀው ሰው ተመልሶ ሊታሰር፣ ማሳውም ከነአረሙ ውኃ ሊውጠው ነው።

እስከ ፍርዱ ድረስ ዋሳቸው የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው አያ ሞላ ነበሩ። ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነቅቶ ለሚያደርገው እስከ ዛሬ ዋስ ነበርኩ፤ ነገም እሆናለሁ። ወንድሜ ነው» አሉ። «ተኝቶ ለሚያደርገው ግን አልገባም። እሱ ራሱ የማያውቀውን እኔ በምን አውቄ?»

መልሱ ከባድ ነው፤ ግን ስህተት ልታወጣለት አትችልም። እትዬ ጥሩወርቅ «እኔ እሆናለሁ» ቢሉ፣ ከተከሳሹ ከራሱ ጎጆ ዋስ አይሆንም ተባሉ። ያኔ ነው እኔ፣ በሰው ቦቲ ውስጥ፣ ያልተጠየቅሁትን የተናገርኩት።

«እኔ ልሁን?»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱኝ። «በየማለዳው ከአዲስ አበባ እየመጡ?»

ተቀመጥኩ። መቀመጥ ለምጄ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ማልቀስ ጀመሩ፤ ድምፅ የለውም፣ እንባ ብቻ ነው። አያ ፈንታ ወለሉን ያያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምንም ነገር አልተከራከሩም። ፖሊሱ ከበሩ ተነሥቶ ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሲራመድ ከኋላ አግዳሚ አንድ ሰው ተነሣ።

«ቆይ» አሉ አያ አለኸኝ። «እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«እርስዎ ከሳሽ ነዎት» አሉ ዳኛዋ።

«ታዲያስ። ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል? መቼ እንደሚነሣ አውቃለሁ፣ በየት እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። ወደኔው ነው የሚመጣ።»

አያ ፈንታ ቀና አሉ። «በምን ዕዳዬ ነው ባንተ የምጠበቅ?»

«ዝም በል፤ ስትተኛ ትሻላለህ» አሉ አያ አለኸኝ።

ዳኛዋ ዋስትናውን ተቀብለው ወደ መዝገብ ቤት እንዲሄዱ አዘዙ። ሁላችንም ተከተልን። ጸሐፊው የዋስትናውን ቅጽ አውጥቶ ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ ሞላ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«ከእሳቸው ጋር ያለዎት ዝምድና?»

«ከሳሹ ነኝ።»

«እሱ ዝምድና አይደለም አባቴ። ዘመድ ነዎት? ወይስ ጎረቤት?»

አያ አለኸኝ አያ ፈንታን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው፤ ረጅም ጊዜ፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው።

«ከሁለቱም የባሰ ነው» አሉ። «መቀናጆ ብለህ ጻፍ።»